ስድስት ብሎን

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፔ እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግረኝ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ሠሪው ወጣት አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ይነካካል። ክዳኑን ሳይከፍት፣ ምን እንደሆነም ሳይጠይቀኝ፣ «ፎርማት ይደረጋል» አለኝ። ሐኪም የታማሚውን ፊት ሳያይ እግሩ ይቆረጥ ቢል ምን ይባላል? ዕቃዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። እንደዚህ ልጅ ማንንም ንቄ አላውቅም ብል ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ከእሱ አብልጬ የምንቀው አንድ ሠሪ እዚሁ ደብረ ታቦር ነበር፤ እሱም የሃያ አራት ዓመቱ እኔ ነኝ።

ከባሕር ዳር በኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ተመልሼ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ያኔ በከተማው ላፕቶፕ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ያለውም የዳንቴል ልብስ ያለብሰዋል፤ ከፋብሪካ የመጣበትን ላስቲክ እንዳይነሣበት ይጠነቀቃል፤ ከዚያ አልጋ ላይ፣ ወፍራም ጋቢ ላይ አስቀምጦ ይሠራበትና ለምን ጋለብኝ እያለ ይመጣል። ሲከፈት ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ መዞሪያ አጥቷል። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ የሚለጥፍም ነበር። ሁሉንም እንቃቸው ነበር። የእኔ ሙያ ደግሞ ይህን ያህል ነው፦ አቧራውን በአፌ እፍ ማለት፣ ሜሞሪውን ነቅዬ በላጲስ አሽቼ መመለስ፣ ይህ ካልሆነ ፎርማት ማድረግ፣ ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። የቫይረስ ማጥፊያ የምጭንበት ፍላሽ ራሱ በቫይረስ የተሞላ ነበር፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሳዛምት ኖሬያለሁ። ሰው ግን ባለሙያ ይለኛል፤ እኔም አምኜላቸዋለሁ።

በጥቅምት አንድ ዓርብ ወይዘሮ አለምነሽ መጡ። ባላቸው መምህር ይርዳው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነበሩ። ክረምት ከበጋ ቅዳሜና እሑዳቸውን በጉና ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች በእግር እየዞሩ ሽማግሌ ገበሬዎችን ስለ ገብስ ዘር ይጠይቁ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። የትኛው ውርጭ ይችላል፣ የትኛው ለጠላ ይሆናል፣ የትኛው ከአገር ጠፋ፤ ገበሬው ሲመልስ በመቅረጫ ይቀዱና ወደ ላፕቶፓቸው ይገለብጡታል። እኔ ይህንንም እንደ ሥራ ፈትነት ነበር የማየው። ከመስቀል በኋላ መምህሩን ድንገተኛ በሽታ ጣላቸው፤ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ።

ወይዘሮ አለምነሽ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። እንዲጸዳ፣ ፈጠን እንዲልም ሜሞሪ እንዲጨመርለት ፈለጉ። ዋናው ጉዳያቸው ግን ሌላ ነበር።

«ልጄ፣ ውስጡ የሱ ድምፅ አለ» አሉኝ። «ሲያወራ፣ ሲስቅ፣ ገበሬዎቹን ሲጠይቅ። ለልጆቹ ላሰማቸው ብዬ ነው፤ ለራሱም። ከእንግዲህ ይናገር አይናገር እግዜር ነው የሚያውቅ። አደራህን።»

የይለፍ ቃሉን ጠየቅኋቸው። አያውቁትም። መምህሩም እንዳይነግሩ አንደበት የለ፣ እንዳይጽፉ ቀኝ እጅ የለ። ስልክ ቁጥራቸውን በወረቀት አስጽፈው ትተውልኝ፣ በላስቲክ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ አኑረው ሄዱ። ገና ትኩስ ነበር፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

ስከፍተው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የመጣልኝን ብጽፍ አልሆነም፤ ይልቅ ከሥሩ ባለቤቱ ማስታወሻ ብለው ያስቀመጧት ቃል ወጣች። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፦ «የንስሐ አባቴ የሚጠሩኝ» ይላል። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ጠርቼ፣ ንስሐ የሚገባ ኮምፒውተር መጣልኝ ብዬ አብረን ሳቅን። ለእንግዳ ሰው ካልሆነ በቀር በእኛ አገር ይህ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ የሚጠራበት ስም አለው፤ ሲጠመቅ የወጣለት ሌላ ስምም አለው። ይህኛውን የሚያውቁት ካህኑና የቤት ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው መድኃኒት ያደርግበታል እየተባለ በየመንገዱ አይዘራም። መምህሩ ከዚህ የበለጠ የተሰወረ ቃል ከየት ያመጣሉ? የወይዘሮ አለምነሽ ስልክ ቁጥር ክንዴ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ጊዜ መደወል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጽሑፉን የክብሪት ቀፎ ላይ እንዳለ ጽሑፍ አንብቤ አለፍሁት።

በማግስቱ ጧት ጓደኞቼ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊሄዱ ሚኒባስ ይዘው በር ላይ ቆመው ይጣሩ ጀመር። እዚህ ላይ ለራሴ ምንም ማስተባበያ ላቀርብ አልፈልግም። ያለ ይለፍ ቃልም መንገድ ነበር፤ አውቀውም ነበር። ስድስት ብሎን ፈትቶ ዲስኩን ማውጣት፣ በገመድ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ ያለውን ሁሉ መገልበጥ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ባለቤቶቹ የምፈራቸው ሹሞች ነበሩ። ቆሎ ይዘው ለሚመጡ ሴትዮ ግን ማን ብሎን ይፈታል? የፎርማት ማድረጊያውን ሲዲ ከተትሁ። ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ማሽኑ እንኳ ጠየቀኝ። ቀጥል አልሁት።

መንገዱ ያምር ነበር። ወረታ ስንወርድ የሩዙ ማሳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ሐሙሲት ላይ ወርደን ጥብስ በላን። ቆሎውንም ይዤው ስለነበር እየተቀባበልን እዚያው ጨረስነው። ፍል ውኃው ውስጥ እስከ አንገቴ ተነክሬ ስስቅ አንድም ነገር አልቆረቆረኝም።

ሰኞ ሁለቱም አብረው መጡ። መምህሩ በግራ እጃቸው ምርኩዝ ይዘው፣ በቀኝ በኩል ሚስታቸው ደግፈዋቸው ደረጃውን በመከራ ወጡ። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ በአዲሱ ሜሞሪ እንዴት እንደሚፈጥን እየኮራሁ አሳየኋቸው። መምህሩ በግራ ሌባ ጣታቸው ቀስ እያሉ ቅጂዎቻቸውን ፈለጉ። አንዱን ከፈቱ፣ ዘጉ፤ ሌላውን ከፈቱ፣ ባዶ ነው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ይለፍ ቃል ስለነበረው ሌላ መንገድ አልነበረም» አልሁ። ወይዘሮ አለምነሽ ምን ብሎ ነበር የሚጠይቀው አሉኝ። እያሾፍሁ ነገርኋቸው፤ የንስሐ አባት ምናምን ይላል አልሁ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ስሙን በሹክሹክታ ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ከጨዋነት የቀረችኝ ይህች ብቻ ናት። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጉሮሯቸው ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልሆነም።

«አጥፊዋ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አለምነሽ። «ምነው ስሙን በነገርሁህ።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረብኝ። ስለ ስድስቱ ብሎን፣ ስለ ወንዛዬ። እኔ ግን የሚያዝን ሰው ፊት ይዤ፣ «አንቱ ምን ያድርጉ፣ በምን ያውቃሉ» አልኋቸው። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬ የሚያስጸይፈኝ ይኸኛው ነው።

መምህር ይርዳው ዳግመኛ ሳይናገሩ አራት ዓመት ኖረው አረፉ። እኔም ጥገናውን ትቼ ኮምፒውተር ማስተማር ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ የራሴን ማሽን ብሎን እንኳ ፈትቼ አላውቅም። ማራገቢያው በየጊዜው ይጽዳ፣ ያላችሁን ሁሉ ሁለት ቦታ ገልብጡ እላለሁ፤ ተማሪዎቼ ይጽፋሉ። ከየት እንደተማርሁት ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም። ድፍረቱ የለኝም፤ ለፈሪ ደግሞ ንቀት ይበዛበታል አልልም፣ ይገባዋል።

ወይዘሮ አለምነሽ አሁን በጣም አርጅተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋቸውና እንደ ልማዳቸው እጄን ይዘው፣ ያን ጊዜ ስሙን ሳልነግርህ ቀርቼ አስቸገርሁህ፣ ይቅር በለኝ አሉኝ።

«ግድ የለም፣ እማማ» አልኋቸው። «ይቅር ብዬዎታለሁ።»