የሃምሳ ዓመቱ ቱቦ

ሉልሰገድ ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ከአፍንጮ በር እስከ ራስ መኮንን ድልድይ የትኛው ቱቦ የት ጋ እንደሚታጠፍ ካርታ ሳያይ ይናገራል።

የእሪ በከንቱ ሰፈር መስመር ሊቀየር ሲል የመጡት ሰማያዊ የፕላስቲክ ቱቦዎች ሁለት በጋ ሙሉ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ከርመው አንድ ጎናቸው ነጥቶ ነበር። ሉልሰገድ ከአንዱ ጫፍ እንደ ቀለበት ያለች ቁራጭ ቆርጦ በብረት መንከሻው በሞርሳ ጨመቃት። ደህና ቱቦ ቢሆን ኖሮ ተጨፍልቃ ወደ ቅርጿ ትመለስ ነበር። ይቺ ግን እንደ ሸክላ ቷ ብላ ተሰበረች። ስባሪውን ይዞ ወደ ተቆጣጣሪው ወደ ኢንጂነር ማቲዎስ ሄደ።

"ይሄ አሥር ዓመት አይሞላውም። መሬቱም ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ አሸዋ ካልተነጠፈለት ጭራሽ!"

በዕድሜ የሚያንሰው ማቲዎስ ሳቀ። "ወረቀቱ ሃምሳ ዓመት ይላል። አንተ ከፋብሪካው ትበልጣለህ?"

"ፋብሪካው ፀሐይ ላይ አክርሙት አላለም።"

ከቱቦው በላይ የሚነጠፈው መንገድ የምረቃ ቀን ተቆርጦ ስለነበር ጊዜ የለም ተባለ። ሉልሰገድ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ለመዝገብ ቤት ሰጠ። ከዚያ እንደታዘዘው ያለ አሸዋ ቱቦውን በገዛ እጁ ገጣጠመ፤ ፈርሞም አስረከበ። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለየሺዓለም "ቀበርኩት" አላት።

በስምንተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ ቱቦው ፈነዳ። ውሃው የሻይ ነጋዴዋን የዘውዲን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ቦርቡሮ ጣለው። አልጋዋ ላይ እንዳለች ሁለት እግሯ ፍርስራሹ ሥር ዋለ። ሐኪሞች ያተረፉላት አንዱን ብቻ ነው።

ሲቆፈር ሉልሰገድ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አየ። ስንጥቁ መገጣጠሚያው ላይ አልነበረም። ሹል ድንጋይ ከተደገፈበት ከመሃሉ ተነሥቶ ቱቦውን በቁመቱ ተርትሮታል። አዲሷ መሐንዲስ ዳናይት ፎቶ አነሣች፤ የደብዳቤውንም ነገር ነገራት።

"ጋሽ ሉልሰገድ፣ ያ ደብዳቤዎ ከተገኘ ማንም አይነካዎትም" አለችው።

ደብዳቤው አልተገኘም። አጣሪ ኮሚቴው ፎቶውን ሳያይ "የገጣጣሚው ጉድለት ነው" ብሎ ጻፈ። ሰብሳቢው ራሱ ማቲዎስ ነበር። ሉልሰገድን ጡረታው እስኪደርስ የቆጣሪ መጋዘን ውስጥ ወረወሩት።

አንድ እሑድ ዘውዲን ሊጠይቃት እህቷ ቤት ሄደ። የሞርሳውን፣ የደብዳቤውን፣ የኮሚቴውን ነገር አንድ ሳያስቀር አወራት። ቢያንስ እሷ እንድታምነው ፈልጎ ነበር። አመነችው።

"እንግዲያ ያውቁ ነበራ" አለች።

"አውቅ ነበር።"

"ስምንት ዓመት በደጄ ሲያልፉ፣ ስንቴ ቁጭ ብለው ሻይ ጠጥተዋል። ለእኔስ ምነው ሳይነግሩኝ?"

ለማቲዎስ ተናግሯል፤ ለመዝገብ ቤቱም ጽፏል። ከቱቦው በላይ ለሚተኙት ሰዎች መናገር ግን በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም። ያመጣውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሣ። ደህና ይዋሉ አላለችውም።