ሰይድ ያለበት በኩል

ከሐርቡ የወጣነው ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ ነው። እኔና ጓደኛዬ ሰይድ። የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የሚሰደደው በባቲ፣ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ስለሆነ ለቤተሰብም ያልነው ይኸንኑ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ደላላው "የባሕሩ መንገድ ተዘግቷል፣ በመተማ አድርጋችሁ በሱዳንና በሊቢያ ወደ አውሮፓ ነው የምትሄዱት" ብሎ ወደ ደሴ የሚወጣ አይሱዙ ላይ ጫነን። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። ሰይድ የቆላ ልጅ ነውና ጋቢዬን ቀምቶኝ ተጠቀለለበት፤ "ወላሂ፣ አውሮፓ ከዚህ ከባሰ እመለሳለሁ!" ሲል ሁላችንም ሳቅን።

አልተመለሰም። በሱዳንና በሊቢያ መካከል መኪናችን ተበላሸች፣ ውኃው አለቀ። ሰይድን ሁለት ጥቁር ተራሮች ፊት ለፊት በቆሙበት ቦታ፣ መሀላቸው፣ አሸዋውን በእጃችን ቆፍረን ቀበርነው።

እኔ ጀርመን ገባሁ። ብርዱ የሐረጎን ጉም የሚያስናፍቅ ነው፤ ቲማቲሙ ቀይ ነው እንጂ የሐርቡን ቲማቲም ሽታ አያውቀውም። ሰው ሰላም ሳይልህ በደረጃው ያልፍሃል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን የሰይድ እናት እማማ ዘሃራ መርዶውን ከሰሙ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ነገር ነበር።

"ልጄ የት ነው ያለው?"

"በረሃ ነው፣ እማማ።"

"በረሃማ ሰፊ ነው፣ ልጄ።"

ምን ልበላቸው? እኔም አላውቀውም።

አንድ እሑድ አከራዬ ፍራው ብራንት ስልኳን ይዛ መጣች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ አገር መዞር ነው። የሄደችባቸውን ቦታዎች ዝርዝር አፕ ውስጥ አስገብታ ካርታው በቀይ ነጥብ ተሞልቶላታል።

"አንተስ የት የት ጎብኝተሃል?"

"ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ጣልያን..."

"ሊቢያ! እንዴት ያልክ ደፋር ነህ! ሆቴሉ ጥሩ ነበር?"

"መስኮት አልነበረውም። ቁልፉም ያለው በውጭ በኩል ነው።"

አዘነችልኝ፤ ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ መጠየቅ እንደነበረብኝም መከረችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ያለፍኩባቸውን ቦታዎች እንድጽፍ አደረገችኝና ዝርዝሩን ወደ ካርታው የሚያስገባውን "ኢምፖርት" ነካች። መጀመሪያ አፑ ሐርቡን ወስዶ የማላውቀው አገር ላይ ጣለው፤ ተሳስቀን አስተካከልነው። ወዲያው ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ መተማ፣ ካርቱም እያለ አንዱን ከአንዱ በመስመር አያያዘው። እናንተዬ፣ ያ በዱላና በጥም የተሄደ መንገድ ከጣቴ ባልበለጠች መስመር ቁጭ አለ! ሱብሓነላህ አልኩ።

አንዱን ብቻ "አልተገኘም" አለ።

"'ሰይድ' ከተማ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም። ጓደኛዬ ነው። የተቀበረበት ቦታ ስም ስለሌለው በእሱ ስም ጻፍኩት።"

የቦታውን ነገር ስነግራት አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ካርታውን ወደ ሳተላይት ፎቶ ቀየረችው። ከካርቱም ተነስተን መስመሩን ይዘን አሸዋ፣ አሸዋ፣ አሸዋ ብቻ ስናይ ቆየን። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ብቻቸውን ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጥቁር ነገሮች ወጡ፤ ስናቀርባቸው ተራሮች ሆኑ። አንደኛው ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር፤ ሰይድን ስንቀብር ፊት ለፊቴ የነበረው ስንጥቅ ነው። አለቀስኩ። ፍራው ብራንት ነጥቡን እዚያ አሳርፋ ስሙን ጻፈችበት።

ወዲያው ሐርቡ ደወልኩ።

"እማማ፣ ሰይድ ያለበትን አየሁት።"

ሩቅ ነው ወይ፣ አገሩ የማን ነው ወይ አላሉኝም።

"ለሶላት ወደ ቂብላ ዞሬ ስቆም በየት በኩል ነው?"

ካርታው ላይ ቂብላቸው ቀጥ ብሎ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ላይ ነው። "በግራዎ፣ እማማ። በቂብላውና በፀሐይ መጥለቂያው መሀል።"

ኩታቸው ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ፤ ወደ በራፍ ወጡ መሰለኝ።

"ያ ረቢ! እኔ እኮ እስከ ዛሬ ሶላቴን በጨረስኩ ቁጥር ወደ ባቲ፣ ወደ ፀሐይ መውጫው ዞሬ ነው ዱዓ የማደርግለት። ልጁ ሁሉ በዚያ ነው የሚሄደው ብዬ።"

ካርታው ላይ የሰይድን ነጥብ በጣቴ ነካሁት።

"አንተስ፣ ልጄ? አንተ በየት በኩል ነህ?"

"እኔም በዚያው በኩል ነኝ፣ እማማ። ከሱ አልፌ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እንግዲያው አንዴ ስዞር ሁለታችሁንም አገኛችኋለሁ።"