ሰናይት የገባችበት በር

ዓርብ ጠዋት፣ አዳማ

ዛሬ መቂ የምሄደው አንድን አዛውንት «ልቦለድዎ መጨረሻው ላይ ተበላሽቷል» ለማለት ነው። ጋሽ ደምሴ ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ ናቸው። ጡረታ ወጥተው የትውልድ ከተማቸው መቂ ከገቡ በኋላ ልቦለድ ጻፉ፤ የጽሕፈት ሥራ ስለምሠራም በኮምፒውተር የተየብኩላቸው እኔ ነኝ። ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። በስልክ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቴም ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁ።

ታሪኩ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ስለጠፋ ሰናይት ስለምትባል ልጅ ነው። አባቷ በየቀኑ መናኸሪያ እየሄደ ከየመኪናው የሚወርደውን ሰው ያያል። ስተይብ አልቅሻለሁ። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፦ በሩ ተንኳኳ፣ ሰናይት ገባች፣ በግ ታረደ፣ አለቀ። በምን መጣች? በየት በኩል? ሦስት መቶ ገጽ አስለቅሰው በአንድ በግ ሊሸኙኝ! እንደዚያ ቀን በመጽሐፍ ተናድጄ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት፣ ከሞጆ ወዲያ

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። ቆቃ ስንደርስ መንገድ ዳር ዓሣ አንጠልጥለው የሚሸጡ ሰዎች ሚኒባሱን ከበቡት፤ ሽታው እስከ ዓለም ጤና ተከተለን። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የሽንኩርት ደላላ ናቸው።

«ምንድን ነው እንዲህ እቅፍ ያደረግሽው?» አሉኝ ረቂቁን እያዩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲጨንቀኝ ወሬ አይጠፋኝም።

«እኛ ሽንኩርት ስንገዛ ጆንያውን ከአፉ ብቻ አይተን አንስማማም» አሉ። «ዘርግፈን ነው የምናየው። ገበሬው ይከፋዋል። ግን አዲስ አበባ ሄዶ ከሚያፍር እዚሁ ቢከፋው አይሻልም?»

ዓለም ጤና ላይ በኦሮምኛ «ነጋቲ» ብለው ተሰናብተውኝ ወረዱ። ድፍረታቸውንም ይዘውብኝ ወረዱ መሰለኝ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ መቂ

ጋሽ ደምሴ መናኸሪያው በር ላይ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳይጠሯት ሁለተኛ ብርጭቆ አመጣች።

«እኔን ብለው ነው እዚህ ድረስ የመጡት፣ ጋሼ?»

«ወንበሬ ነው። በዚህ ሰዓት እዚህ ነኝ።»

ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ምሕረት የምትባል ልጅ እንዳለቻቸው፣ ቤይሩት እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ደህና ናት ሲሉኝም አምኜ ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ግን አንድ ገጽ ተኩሉ ላይ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ጋሽ ደምሴ ቤት

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የቲማቲም ፍትፍት አቀረቡ። ለጋሽ ደምሴ ለብቻቸው ልነግራቸው ነበር ያሰብኩት። እሳቸው ግን «በይ፣ እንዴት አገኘሽው? አስካለም ትስማ፤ እያነበብኩላት ነው የጻፍኩት» አሉ።

«ሁሉም ያምራል፣ ጋሼ። መጨረሻው ግን... ሰናይት መመለሷን አላመንኩም።»

እትዬ አስካለ የያዙትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። ጋሽ ደምሴ ወደ እሳቸው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«በመጀመሪያ አባትየው ሳያያት ይሞት ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «ሳነብላት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የምሕረት ድምፅ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እትዬ አስካለ ቀደሙኝ።

«አስገባት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ግን ይቺ ልጅ እውነቷን ነው። መንገዱ የለም።» ከዚያ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ ቀጠሉ። «ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ አትቀመጥም፣ ያጥወለውላታል፤ ከሾፌሩ ጎን ናት። ዓለም ጤና ላይ ብርቱካን ትገዛለች፤ ባዶ እጇን አትገባም። ከመናኸሪያው በእግሯ ነው የምትመጣው። በሩንም አታንኳኳም። ድሮ ስታመሽ እንደምታደርገው በጓሮ ነው የምትገባው። የጓሮውን በር አልቀረቅረውም። ታውቃለች።»

«ይህን ሁሉ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«መቼ ጠየቅከኝ?»

ብዕር አውጥቼ በረቂቁ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ አልፎ አልፎ «ምን ለብሳ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እትዬ አስካለ ይመልሳሉ። ፍትፍቱ ደረቀ።

ዘጠኝ ሰዓት

እትዬ አስካለ የሸኙኝ በጓሮ በኩል ነው። የበሩ መቀርቀሪያ በእውነትም ሳይነካ ኖሮ ዝጓል።

«መጽሐፍ ሩቅ አገር ይሄዳል አይደል?» አሉኝ።

«ይሄዳል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ስለ በሩ ያልኩሽን እንዳትዘዪው።»

ስመለስ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ዓለም ጤና ላይ ብርቱካን ገዛሁ፤ የሚበላልኝ ሰው ቤት ውስጥ ባይኖርም።

እሑድ፣ አዳማ

አዲሱን መጨረሻ ተይቤ ጨረስኩ። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። እንደዚያ ያናደደኝ የሰናይት መመለስ አልነበረም፤ የተመለሰችበትን መንገድ ማጣቴ ነበር። መንገዱን አራት ዓመት ሙሉ በልባቸው ሲሄዱበት የኖሩ ሰው ግን እዚያው ቤት ነበሩ፤ ጋሽ ደምሴም እኔም አልጠየቅናቸውም።

ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። አሁን የሚያስጨንቀኝ የፊደል ስሕተት ብቻ ነው፤ በተለይ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ። አንድ ቦታ አንዲት ሴት ታነባት ይሆናል ብዬ አሥር ጊዜ አየኋት፦ «የጓሮው በር እንደ ወትሮው አልተቀረቀረም።»