ማኅተም ያረፈበት ዝርዝር

ዚነት ታሂርን የማውቃት በንዴቷ ነው። ሮቢት ከተማ አማርኛ ታስተምራለች፤ ዓይኖቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አያዩም። እናቷና የሁለት ዓመት ልጇ ያሉት ግን ቆቦ ነው። በሚኒባስ መመላለሱ ሲያንገሸግሻት፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ለመዛወር ልታመለክት ተነሣች። ማመልከቻው የሚሞላው በመሥሪያ ቤታችን በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ነበር። ገጹን የሠራሁት እኔ ካሳው ነኝ፤ ስድቡም የደረሰው ለእኔ ነው።

ላፕቶፕዋን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አላት። ማዳመጫውን ሰጠችኝና፣ «እስኪ ጉድህን ስማ!» አለችኝ።

«ቁልፍ። ቁልፍ። ምስል። ቁልፍ።» ሌላ ነገር የለም። የትኛው ቁልፍ እንደሚልክ፣ የትኛው እንደሚሰርዝ የሚያውቀው የሚያይ ሰው ብቻ ነው። አፈርኩ።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስም ሰጠሁት፤ የሚሞላው ሳጥን ሁሉ ምን እንደሚጠይቅ እንዲናገር አደረግሁ። እሷ ትሞክራለች፣ ትቆጣለች፣ እኔ አስተካክላለሁ። በመጨረሻ ማመልከቻዋን ማንንም ሳታስቸግር ሞልታ ላከች። «አልሀምዱሊላህ! ዛሬ ገና ሰው ሆንኩ» አለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

የዝውውሩ ውጤት ሲደርስ አለቃዬ አቶ ተሾመ ያለፉትን መምህራን ዝርዝር አሳትመው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አሳርፈው፣ «ስካን አድርገህ ልቀቀው» አሉኝ።

«ጋሽ ተሾመ፣ ስካን ከተደረገ ፎቶ ነው የሚሆነው። የዚነት ማሽን ፎቶ አያነብም። በጽሑፍ ላውጣው።»

«ማኅተም የሌለውን ማን ያምናል? ነገ አንዱ ስሙን ጨምሮ ቢያዞረውስ?»

«እንግዲያው ሁለቱንም ላውጣ።»

«ሁለት ዝርዝር አውጥተህ ልታጣላን ነው? የታዘዝከውን ሥራ!»

ማኅተም! እኛ ዘንድ የሞተ ሰው እንኳ ማኅተም ካላረፈለት አልሞተም። ደሜ ፈላ። ሁለቱን ገጽ በፎቶ ለቀቅሁና በሩን ጓ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ። ያለፈ ሰው በአምስት ቀን ውስጥ ካልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥም እዚያው ላይ ተጽፏል።

በስድስተኛው ቀን ዚነት መጣች። ማስታወቂያው በወጣ በሰዓቱ ገጹን ከፍታ ነበር፤ ማሽኑ «ምስል» ብቻ አላት። አንድ መምህር በስልኩ እንዲያነብላት ለመነችው። ኔትወርኩ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አመጣለት፤ ሁለተኛ ገጽ መኖሩንም ስላላወቀ፣ «ስምሽ የለም» አላት። አሁን የመጣችው ለምን ሳታልፍ እንደቀረች ልትጠይቅ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ ከፈትኩ። ተራ ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ዚነት ታሂር። ቦታው የዚያን ቀን ጠዋት ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። አቶ ተሾመ ዘንድ ገብቼ ለመንኩ፣ ጮኽኩ። «ማስታወቂያ ወጥቷል እኮ!» አሉኝ።

ተመልሼ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ላፕቶፕዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ካሳው፣ ዝርዝሩን ስትለቀው ስሜን አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

አይቼዋለሁ። ደስም ብሎኝ ነበር። ቁጥሯም ስልኬ ላይ አለ። አምስት ቀን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ማኅተም እያወራሁ ስናደድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩላትም።

«አዎ» አልኳት።