የትንፋሽ ተራ

የያዙኝ ከቤተ ሙከራ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩን ሳያንኳኩ ገቡና ስሜን ጠሩ። ጠረጴዛው ላይ ሙከራ እየሄደ ነበር፤ የጋዙ ሲሊንደር ክፍት ነው።

«እሱን ልዝጋውና እንሄዳለን» አልኩ።

አንደኛው እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። በዕድሜ የሚበልጠው ግን «ተወው፣ ይዝጋ» አለ። ዘጋሁት። ማስታወሻ ደብተሬን አንስተው ክንዴን ይዘው አወጡኝ።

ያ ክረምት ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው የታፈሰበት ክረምት ነበር። እኔ ሰልፍ አልወጣሁም። ከተማሪዎቼ ግን የወጡ ነበሩ። ከእኔ ጋር የመመረቂያ ጥናታቸውን የሚሠሩ ሁለት ልጆችም ከወጡት መካከል ናቸው።

ሥራዬ ሲያዩት እንጂ ሲነግሩት አይከብድም። ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ የተቃጠለውን አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን፣ ወደ ሰማይ ሳይወጣ ለይቶ የሚያስቀር ስስ ሽፋን እሠራለሁ። ሜምብሬን ይባላል። ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። አንዱን ጋዝ ያሳልፋል፣ ሌላውን ያስቀራል። ከመያዜ በፊት ባሉት ዓመታት ሌላ ነገር ብዙም አላሰብኩም።

የታሰርኩበት ክፍል በር ሲከፈት የወጣው አየር ሞቃትና እርጥብ ነበር። ላብ፣ የረጠበ ብርድ ልብስ፣ የሽንት ባልዲ ይሸታል። ለአሥር ሰው በማይበቃ ክፍል ውስጥ ከሠላሳ በላይ ሆነን ተቀመጥን። ጣሪያው ሥር አንዲት መስኮት ነበረች፤ አንድ እስረኛ በእሷ በኩል ደብዳቤ ወርውሮ ከተገኘ ወዲህ በቆርቆሮ ተመትታለች። የበሩን ሥር ደግሞ ዝናብና ብርድ እንዳይገባ እስረኞቹ ራሳቸው አሮጌ ብርድ ልብስ ወትፈውበታል።

የክፍሉ ካቦ፣ እስረኛውን የሚያስተባብረው እስረኛ ማለት ነው፣ የጎንደር የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሙስሊሙም፣ እንደ እኔ ያለው ክርስቲያንም ሐጂ ይላቸዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«መምህር ነህ አሉ። እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም። ና፣ በዚህ በኩል ጋደም በል።»

ከጎኔ የተኙት ከሳንጃ በኩል የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ጫካ ገብቷል ተብሎ በእሱ ፋንታ ነው የታሰሩት። ሲተነፍሱ ደረታቸው ያፏጫል።

«እንዴት ነዎት አያ?» አልኳቸው።

«ሸጋ ነኝ። ትንፋሿ ናት እንጂ የምታጥረኝ።»

በማግስቱ ራሴን ያመኝ ጀመር። ቀና ብዬ ሳይ ግንባሩን ያልያዘ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ያንቀላፋል፤ ያላንቀላፋው በትንሽ በትልቁ ይጣላል። ጭንቀት ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን ዐወቅሁት። ስንት ዓመት በመሣሪያ ስለካው የኖርኩት ጋዝ ነው። የተነፈስነውን መልሰን እየሳብነው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሽማግሌው ከንፈር ዐመድ መሰለ። ምን ላደርግ እንደምችል እያሰብኩ ሳለ ለምርመራ ተጠራሁ።

መርማሪው ደብተሬን ከፊቱ ዘርግቶታል። ስሌቱን በእንግሊዝኛ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ በአማርኛ የመጻፍ ልማድ ነበረኝ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ግፊቱ ሲጨምር መለየቱ ይፈጥናል። ግፊት በማን ላይ? የሚለየውስ ማን ነው?»

«በጋዙ ላይ ነው። የሚለየውም ጋዙ ነው።»

«ጋዝ ትሠራለህ ማለት ነው።»

«አልሠራም። እይዛለሁ።»

«ይዘህ የት ልታደርገው ነው?»

አልሣቅሁም፤ እሱም አልሣቀም። ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። ሲደክመው ደብተሩን አጠፈና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ሁለቱ ተማሪዎቼ ቤተ ሙከራው ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ሲያዘጋጁ አይቻለሁ ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም ተጽፏል።

«ፈርመህ ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለ።

እኔ ስለ መስኮቷ ነገርኩት። አንድ ሽማግሌ እየታፈኑ እንደሆነ፣ ቆርቆሮው ቢነሳ እንደሚተርፉ።

«ይነሳል። መጀመሪያ ፈርም።»

እስክሪብቶውን አነሳሁት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የሽማግሌው ከንፈር ዓይኔ ላይ ነበር፤ ቤቴም ዓይኔ ላይ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እጄን እንዳንቀሳቀሰው እስካሁን ለይቼ አላውቅም። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩትና «ያላየሁትን አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ ደፋር አልነበረም። መርማሪው «ታስብበታለህ» ብሎ ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

ክፍል ስገባ ለሐጂ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና የተኙ መስሎኝ ነበር።

«ምነው ልጄ» አሉ በየመሐሉ ትንፋሽ እየወሰዱ። «ለኔ ትንፋሽ ብለህ የሰው ልጅ ልታስበላ ኖሯል? እኔም እኮ ልጅ አለኝ።»

ያን ጊዜ ከደረቴ ላይ የወረደልኝን ነገር ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «እነሱ ካልከፈቱልን እኛ የምንከፍተው የለም?»

«የበሩ ሥር አለ» አልኩ። «ብርድ ልብሱ ይነሳ። አየሩ ግን ብቻውን አይገባም፤ ማራገብ አለብን።»

በሩ ሥር የሚተኛው፣ ከዛሪማ የመጣው ሹፌር ተቆጣ። «እኔስ ሰው አይደለሁም? ብርዱም ጎርፉም የሚያገኘው እኮ እኔን ነው።»

እውነቱን ነው። ሐጂ ፍራሻቸውን ጠቀለሉ። ቦታቸው የክፍሉ ምርጥ ቦታ ነው፤ ደረቅ ጥግ፣ ከባልዲው የራቀ። ፍራሹን ተሸክመው በሩ ሥር አነጠፉትና ሹፌሩን «አንተ እዚያ ሂድ» አሉት። ሹፌሩ ተንበርክኮ የተወተፈውን ብርድ ልብስ ራሱ ጎትቶ አወጣው።

የሽማግሌውን ጋቢ አጥፈን ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ያዘ። ዝቅ አድርገው ከበሩ ሥር ወደ ውስጥ ያራግባሉ፤ አንድ መቶ ሲሞላ ሌሎች ሁለት ይቀበሏቸዋል። ሽማግሌውን በሩ አጠገብ አስተኛናቸው። የገባው አየር የጭቃና የሽንት ቤት ሽታ ነበረው። ቀዝቃዛ ነበር። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተረኛው ፖሊስ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ጎልማሳ፣ አነጋገሩ የደጋ ሰው ነው።

«ምነው? ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየተነፈስን ነው» አሉት ሐጂ።

እኔ ወደ ቀዳዳው ቀረብኩና አስረዳሁት። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ካገኘ አዲሱ ከታች ይገባል፤ ቆርቆሮው ግን ዘግቶታል። ሽማግሌውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ቀዳዳውን ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ሰማን። መስኮቷን ጨርሰው ሊደፍኗት ነው ብለን ነበር። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ አንደኛው ጫፍ ተነሳ፤ ሁለተኛውም። የሰማይ ቁራጭ ታየን። የፖሊሱ ፊት ብቅ አለ፤ በርሜል ላይ ቆሞ ኖሯል።

«ነፋስ ነው የገነጠለው» አለ። «የጠየቀም የለም፣ የከፈተም የለም። ተግባባን?»

«ተግባብተናል» አሉ ሐጂ። «እርስዎም ይቅለልዎት።»

ከበርሜሉ ሲወርድ ሰማነው። ስሙን አላወቅሁም፤ በኋላም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉ።

መስኮቷ ጠባብ ስለነበረች ማራገቡን አልተውነውም። በተከፈተች በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ተነሥተው ተቀመጡ። በኩባያ ከተሰጣቸው ውሃ ላይ ጥቂት በመዳፋቸው ይዘው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ጢማቸውን በጣታቸው አበጠሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋቢውን አምጡት። ተራዬ ነው።»

«አያ፣ አንቱ ይረፉ» አላቸው ሹፌሩ።

«አርፌ ነው የከረምኩት። ሰው እየደከመልኝ ስንት ቀን እተነፍሳለሁ?»

ጫፉን ሰጠናቸው። በሌላኛው ጫፍ ሹፌሩ ያዘ። ተቀምጠው፣ ቀስ እያሉ፣ እየቆጠሩ አራገቡ። መቶ አልደረሱም፤ ሃያ ላይ አቆሙ። ሃያውንም ግን ሁላችንም አብረናቸው ቆጠርን። ሲጨርሱ ጋቢውን ለቀጣዩ ሰው በሁለት እጃቸው አቀበሉት።

ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ አቀረቡልኝ። አልፈረምኩም። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ተፈቱ፤ ሲወጡ ሁላችንም ቆመን ሸኘናቸው። እኔ ከወራት በኋላ ያለ ክስ ወጣሁ። ደብተሬን አልመለሱልኝም። ሁለቱ ተማሪዎቼ ዘግይተውም ቢሆን ተመረቁ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ አንድ ጊዜ ሳንጃ ድረስ ሄጄ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ተመልሶ ከጎናቸው ያጭድ ነበር። ሥራውን አስቁመው ከእኔ ጋር አስተዋወቁት። ምን ብለው እንዳስተዋወቁኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ይበዛብኛል።

ስለ እስር ሲጠይቁኝ የከፋውንም እናገራለሁ፤ ነበርና። እዚያ ክፍል ውስጥ ያገኘኋቸውን ሰዎች ሳስብ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ምስጋና ነው። ሽፋኖቼን አሁንም እሠራለሁ። እጄ ሥራ ላይ እያለ አልፎ አልፎ ሐጂ ፍራሻቸውን ሲጠቀልሉ ይታየኛል፤ እኔ ያንን ማድረግ እችል ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱን አላውቀውም።

ሐጂም ተፈትተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቃቸው ጎራ እላለሁ። በጥቅል ጨርቅ መካከል ቦታ ያበጁልኛል። ስለዚያ ቦታ ብዙም አናነሳም፤ ስለ ገበያና ስለ ልጆች እናወራለን። ስነሣ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«መምህር፣ ትንፋሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ» እላቸዋለሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል እሳቸው።