ፈጠራ የጎደለው ድርሰት

«ልጄ፣ ይኼ ፈጠራ የለውም፤ ዜና ነው!»

ዛሬ ደብረ ብርሃን በተማሪዎች የድርሰት ውድድር ላይ ዳኛው ለአንዲት ልጅ እንዲህ አሏት። ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ርዕሱ «መጪው ክፉ ዘመን» ነበር። ሌሎቹ ሮቦት ንጉሥና ግንብ የምታፈርስ የአሥራ ስድስት ዓመት ጀግና ይዘው መጡ። (የእኔዋ ልጅ በዚያ ዕድሜዋ አልጋዋን እንኳ አታነጥፍም።)

ይቺኛዋ ከጎረቤላ ከተማ የመጣች ናት፤ እዚህ እኔ ግቢ ቤት ተከራይታ ትማራለች። የድርሰቷ ባለታሪክም ተማሪ ናት። መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ እናቷ በሚኒባስ የምትልክላት ስንቅ ቀርቷል። የበሶውን ባዶ ከረጢት እያሸተተች ትተኛለች።

«ጋሼ፣ ልጨምርበት?» አለች ልጅቷ።

«እስቲ ጨምሪ።»

እዚያው ቆማ ቀጠለች። «አንድ ቀን መናኸሪያ ስትሄድ ረዳቱ ‹ጎረቤላ! ጎረቤላ!› እያለ ይጣራል። ተሳፈረች። ማንም አላስቆማቸውም። እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር።»

ዳኛው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። «ይኸውልሽ! ፈጠራ ማለት ይኼ ነው!»

አንደኛ ወጣች። ሽልማቷን ታቅፋ ወደ እኔ መጣችና «እትዬ፣ ለእናቴ በማን ልላክላት?» አለችኝ።

እናንተስ ጋ፣ ድሮ ተራ የነበረ አሁን ፈጠራ የሆነባችሁ ነገር ምንድን ነው? እስቲ ኮሜንት ላይ አውጉኝ።