የጉሮሮው በረኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ከመካነ ሰላም የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ተረት የሚነገረው ከብቶቹ ከገቡ በኋላ ራት እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነበር። ያኔ መብራት ስላልነበረን ኩራዙ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ጥቀርሻውን ወደ ጣራው ይልካል፣ ምድጃው ውስጥ ኩበቱ ይጨሳል፣ እኛም ዓይናችንን እያሸን አባባ ይመርን እንከባቸዋለን። አባባ የአባቴ አባት ናቸው። በሰፈራችን ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ የማይተርቱ ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። «ጅብንማ ማን የማያውቀው አለ? እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ ወይ?» ይሉና ስለ ሰው ገላ ይጀምሩልናል።

ከሁሉ የምወደው የእንግዳውን ተረት ነበር። እንግዳው ንፋስ ነው። ሁለት ጠባብ በር ወዳለው ቤት ይመጣል፤ በሩ ላይ የበቀለው ጠጉር አቧራውን ያራግፍለታል፣ መተላለፊያው ላይም ትንሽ ይሞቃል፤ ከዚያ መንታ መንገድ ላይ ይደርሳል። እዚያ እንጥል የሚባል በረኛ ሌት ተቀን ተንጠልጥሎ እህልን ወደ ሆድ፣ ንፋስን ወደ ደረት ይሸኛል። ሰው እየበላ ሲያወራ ትን የሚለው በረኛው ግራ ገብቶት ነው። ንፋስ ቁልቁል ሲወርድ መንገዱ ለቀኝና ለግራ ሰፈር ይከፈላል፤ እየተከፈለ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ትንንሽ ጎጆዎች ዘንድ ያልቃል። ጎጆዎቹ ደጅ ደም ቆሞ ይጠብቀዋል። እንግዳው ያመጣውን ስጦታ ለደም ይሰጥና፣ የቤቱን ጉድፍ ተሸክሞ በመጣበት ይመለሳል። «ቁጭ ሳይል የሚሄድ እንግዳ እሱ ብቻ ነው» ይሉን ነበር አባባ፤ «ቀረ ማለት ግን ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው።»

ይህን ሁሉ ያወቁት ከበግ ነው። ለፋሲካ በግ ሲያርዱ ሳንባውን ከነቧንቧው አውጥተው እፍ ይሉበታል፤ የተኮማተረው ሥጋ ነጣ እያለ ሲነፋ እኛ እንጮሃለን። አንድ ጊዜ «በረኛውስ የታለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በግ እያወራ አይበላ፤ በረኛ ምን ያደርግለታል?» አሉኝና ኮስተር ማለት የምታበዛው እናቴ እንኳ ሳቀች።

ተረቱ ሲያልቅ ጨዋታ ነበረን። በየተራ መዳፋችንን አፍንጫቸው ሥር እናደርግና «ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ» እያልን ትንፋሻቸውን እንከተላለን። እሳቸው ሆን ብለው ያፈጥኑታል፤ ምላሳችን ሲተሳሰር አሸነፉን ማለት ነው። እኔ አንድም ቀን አሸንፌያቸው አላውቅም።

ወንድሜ ምስጋናው የተወለደው ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ሰባት ወሩ ላይ፣ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ ሳል ያዘው። አንድ ጠዋት እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እኔ ታቅፌው ቀረሁ፤ ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም። እንደ ልማዴ መዳፌን አፍንጫው ሥር አደረግሁና «ገባ፣ ወጣ» ማለት ጀመርኩ። አልደረስኩበትም። የአፍንጫው ጫፍ ይከፈታል ይከደናል፣ ከጎድኑ ሥር ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «ምስጋናው አባባን በለጣቸው!» ብዬ ሳቅሁ። ያኔ እሱም የሚጫወት መስሎኝ ነበር።

ማታውን ጡት እምቢ አለ። አባባ ኩራዙን አስጠግተው አፉን ከፈቱና «እንጥሉ ወርዷል» አሉ። በእኛ አገር የሚያስለው ሕፃን ጡት እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እንጥሉ ነው፤ መድኃኒቱም መቁረጥ ነው። እናቴ «አባባ፣ እስቲ ነገ ጤና ኬላ ላድርሰው» አለች። «ይቆረጥና ትወስጂዋለሽ» አሏት። ክፉ አስበው አልነበረም። አባቴንም እኔንም አስቆርጠውናል፤ ሁለታችንም አድገናል።

በነጋታው ከወንዙ ማዶ ቆራጩ ሽማግሌ መጡ። አባባ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ራሱን ያዙ። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ብረቱን ሳይ ነገሩ ገባኝና ጮህኩ፦

«አባባ፣ በረኛው እኮ ነው! እሱ ከተቆረጠ ማን ይጠብቃል? አንቱ አይደሉ እንዴ ያሉን?»

ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸው ላላ አለ፤ ለአንድ አፍታ «ተዉት» የሚሉ መስሎኝ ነበር።

«ያ ተረት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ቆራጩ ሲሄዱ ሦስት ቀን ንፋስ እንዳያገኘው ብለው አስጠነቀቁን። በሩን ዘጋን፣ የግድግዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፍን፣ ብርድ እንዳይሰማው ኩበቱን አቀጣጠልን። እንግዳውን ደጅ አስቀርተን ጢሱን አስገባን። ምስጋናው ማልቀሱን ሲተው «ተሻለው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ማንንም ሳታስፈቅድ አዝላው ወደ ጤና ኬላው ወጣች። ከቀትር በፊት ተመለሰች። አንቀልባውን ሳትፈታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ ያኔ ሁላችንም አወቅን።

አባባ ከዚያ ወዲያ ተረት አልተረቱም። ታናናሾቼ «ተረት ተረት» ሲሏቸው «ጨርሻለሁ» ይሉና ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። አንድ ቀን እናቴን «አፉ በይኝ፣ ልጄ» ሲሏት ሰምቻለሁ። «እግዜር ነው የወሰደው» አለቻቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ስንት ዓመት ሲኖሩ ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም። ከእንጥል ቆራጩም ይልቅ እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነበር።

ደሴ ኮሌጅ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር የእንግዳውን መንገድ መጽሐፍ ላይ ተሥሎ አገኘሁት። ጠጉሩም፣ መንታ መንገዱም፣ ቧንቧውም፣ ጎጆዎቹም አሉ። አባባ የሳቱት በረኛውን ብቻ ነው። ለዕረፍት ስመለስ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ የእንግዳውን መንገድ ተማርኩት ብያቸው ገና ደብተሬን ሳልገልጥ «በረኛው እንጥሉ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ይዘው ኖረዋል። የማቀልላቸው መስሎኝ እውነቱን ነገርኳቸው፦ በረኛው እንጥል አይደለም፣ የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ያለ ትንሽ ክዳን ነው፤ ምስጋናውን የገደለው የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም፤ ሳንባው ውስጥ ያሉት ጎጆዎች ፈሳሽ ሞልቷቸው ነው፤ ቶሎ ቢደረስበት መድኃኒት አለው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ «በረኛውን ስንቀጣ ለካ ጎጆዎቹን ጎርፍ እየወሰዳቸው ነበር» አሉ። በቀጣዩ ክረምት ሞቱ።

አሁን መካነ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ስለ መተንፈስ የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ተማሪዎቼን መዳፋችሁን አፍንጫችሁ ሥር አድርጉ እላቸዋለሁ። ከዚያም፣ ትንፋሹን ቆጥራችሁ የማትደርሱበት፣ ጎድኑ የሚሰረጉድ ሕፃን ቤታችሁ ካለ፣ እንጥሉ ወረደ ሳትሉ፣ ንፋስ ይመታዋል ሳትሉ፣ ይዛችሁ ሩጡ እላለሁ። ከመጽሐፉ ያነበብኩላቸው ይመስላቸዋል።

አባባ ጥፋቱ ሁሉ የእሳቸው መስሏቸው፣ ብቻቸውን ተሸክመውት ሄዱ። ለዕረፍት በመጣሁበት በዚያ ዕለት፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ከሁሉም በፊት የኔ መዳፍ አውቆት እንደነበር ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ምስጋናው አባባን በለጣቸው ብዬ መሳቄን ሳይሰሙ ሞቱ።